ሠላሳ አንደኛው ጀሪካን

ሔሩይ የገዛ ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ በግማሽ ገጽ ጽፎ እንዲያመጣ ሲታዘዝ ቀላል ነገር መስሎት ነበር። የሳለው እሱ ነው፤ የቀደደውም ያተመውም እሱ ነው፤ ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ? ይሁን እንጂ ከረቡዕ ጀምሮ ሦስት ወረቀት ጽፎ ሦስቱንም ጨምድዶ ጥሏል። በመጀመሪያው ላይ ጀሪካኑ ባለሥልጣኑ ነው ብሎ ጀመረ። በሁለተኛው ላይ የለም፣ ጀሪካኑ ሕዝቡ ነው አለ። በሦስተኛው ላይ «ጀሪካኑ» የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ ጽፎ፣ ብዕሩን እንደያዘ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

አዛዧ ትህትና ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች የሥዕል ነጋዴ ናት። ለሌላ ጉዳይ መቐለ መጥታ፣ ሓወልቲ አካባቢ ካረፈችበት ሆቴል ፊት ለፊት፣ በግንባታ አጥር ቆርቆሮ ላይ ከረባት ያሰረ ቢጫ ጀሪካን አየች። ሳቀች፤ ፎቶ አነሳች፤ የማን ሥራ እንደሆነ ስትጠይቅ ውላ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለው ከስብሓት ማተሚያ ቤት ደረሰች። ስብሓት ወሬ ሆዱ ውስጥ የማያድርለት ሰው ነውና ገና «ጀሪካን» ስትል በጣቱ ወደ ጓዳ ጠቆመ።

«እሱ ነው። ከቲሸርቱ ሥር የተደበቀው።»

ሔሩይ በስብሓት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቷል። ለምርቃት፣ ለሠርግ፣ ለስብሰባ የሚታዘዝ ቲሸርት ያትማል። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሺህ የሰው ስም በደረትና በጀርባ ላይ እንዳሳረፈ ሊቆጥረው አይችልም። የራሱ ስም ግን አንድ ቦታ ላይ እንኳ ታትሞ አያውቅም። ስለዚህ ትህትና «በሰኔ ኤግዚቢሽን አለኝ፤ አንድ ግድግዳ ሙሉ ለአንተ፣ ስምህ ከላይ በትልቁ» ስትለው የቀለም ቆርቆሮው ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። በወረቀት የታተመ ሠላሳ ቅጂ እንዳለ ሲነግራት ደግሞ ለእያንዳንዱ አራት ሺህ ብር አለች።

«ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ» ብላ በጣቷ ቆጠረች። «አንደኛ፣ ሠላሳዎቹ ተሰብስበው በእጄ ይግቡ። ሁለተኛ፣ ቀድደህ ያተምክበትን ፊልም እኔ እያየሁ በመቀስ ትቆርጠዋለህ። ሠላሳ ከሆኑ ሠላሳ ናቸው፤ ሠላሳ አንደኛ ከተገኘ ዋጋ የላቸውም። ሦስተኛ፣ ትርጉሙን በግማሽ ገጽ ትጽፍልኛለህ። ገዢ ትርጉም ይፈልጋል። እሑድ ነው የምበረው።»

ከሄደች በኋላ ስብሓት ራሱን እያከከ ቆየ።

«ስማ እንጂ፣ ሔሩይ። እኛ ሺህ ቲሸርት ሲታዘዝ ነው የምንጨፍረው። ይህቺ ሴት ሲያንስ ነው የምትከፍለው?»

«እንደዚያ ነው የሚሠራው ይመስለኛል።»

«ታዲያ አንድ ብቻ ብታትም ኖሮ አሁን ሀብታም ነህ?»

ሔሩይ የቀለም ቆርቆሮውን ከደነ። በልቡ ግን የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር። ሠላሳዎቹ የት እንዳሉ አሳምሮ ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት በቦኖ ነው። ያን ሰሞን በሰፈሩ ውሃ በቧንቧ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነበር፤ ሲመጣም ሳይቀመጥ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሚከፈተው ቦኖ ይቀዳል። ቦኖው ሲከፈት ሦስት ሰዓት ነው፤ ወረፋው ግን ገና ጨለማ ሳለ ይያዛል፤ የሚይዘውም ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል። አንዱ የሌላውን ገፍቶ የራሱን ያስቀድማል። ሦስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ ሲመጡ ጠብ ይነሳል፤ አንዳንዴም ጀሪካን በጭንቅላት ላይ ያርፋል።

አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ የሔሩይ እናት አሰገደች ጀሪካኗን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጣ፣ በእጇ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ «በል እንግዲህ፣ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ማንም እንዳይቀድምህ» ስትለው ሰማት። ልጇን ቢሮ የምትልክ ነው የምትመስለው። በማግሥቱ ሔሩይ ጀሪካኑን ሳለው፤ ከረባትም አሰረለት።

ለመቅደጃ የተጠቀመበት የራጅ ፊልም ነው። የራጅ ፊልም እንደ ካርቶን ቀለም አይጠጣም፣ እንደ ወረቀት አይጣጠፍም፤ ታጥቦ ደግሞ ይሠራል። ከእናቱ ፍራሽ ሥር ሁለት አሮጌ ፊልሞች አገኘ። የማይፈለጉ መሰሉትና ሳይጠይቅ ወሰዳቸው። አንዱን በጀሪካኑ ቅርጽ ቀደደው፤ ሁለተኛውን በከረባቱና በማኅተሙ። ማኅተሙ የመጣው በኋላ ነው። ከረባት ያሰረ ሁሉ ማኅተም ያስፈልገዋል ብሎ ከከረባቱ ጫፍ በታች፣ ሆዱ ላይ፣ ክብ ሐምራዊ ማኅተም መታለት። የመሥሪያ ቤት ስም በሚጻፍበት ዙሪያ «ይጠብቁ ይጠብቁ ይጠብቁ» ብሎ አዞረበት። መጀመሪያ ሓወልቲ አካባቢ በአንድ የግንባታ አጥር ቆርቆሮ ላይ ሞከረው፤ ከዚያ እቤት የነበረው ወፍራም ወረቀት ለሠላሳ ስለበቃ ሠላሳ አተመ። ኮሌጅ እያለ ኅትመት በቁጥር መያዝ አለበት ያለው አስተማሪ ነበረውና በእርሳስ ከአንድ እስከ ሠላሳ ጻፈባቸው። ስሙን ሳይጽፍ ቀረ፤ ፈራ እንጂ ረስቶ አይደለም። ቅዳሜ ንጋት ላይ በልብስ መቆንጠጫ በቦኖው አጥር ሽቦ ላይ ደርድሮ ሰቀላቸውና ወደ ሥራው ሄደ። ሰው ሲነጋ አይቶ እንዲስቅ ነበር ሐሳቡ።

ቀትር ላይ ሳቁን ሊሰማ ሲመለስ የሚስቅ ሰው አልነበረም። በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ቀጥ ያለ ሰልፍ ቆሟል። ከፊት ኣቦይ ረዳኢ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ተቀብለው ፊትና ጀርባውን ያያሉ፣ «አሥራ አምስት! እለፊ ጓለይ፣ ልጄ» ይላሉ፣ ይመልሳሉ። ኣቦይ ረዳኢ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶብስ ትኬት ተቆጣጣሪ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ማለዳ አጥሩ ላይ ማኅተምና ቁጥር ያለበት ወረቀት ተሰቅሎ ሲያገኙ የውሃ ቢሮው በመጨረሻ ልብ ገዛ ብለው፣ ለሰፈሩ ሠላሳ ቤት በዕድሜና በችግር እያስቀደሙ አድለውታል። ማኅተም ክብ መሆኑን እንጂ ውስጡ የተጻፈውን ማን ያነባል?

ሔሩይ የእኔ ነው ሳይል ወደ ሥራው ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን ሳቀ። በሁለተኛው ኮራ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተደበላለቀበት፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ በቦኖው ጠብ አልነበረም። እናቱም ሦስት ቁጥር ደርሷት፣ ጉልበቷን እያሻሸች ግማሽ ቀን መቆሟ ቀርቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ ውሃዋ እቤት ነው።

አሁን ያንን ወረቀት መልሺ ሊላት ነው። ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ጀመረ።

«እማ፣ ያቺን የወረፋ ወረቀት በስንት ብትሸጫት ነው የሚሻልሽ?»

አሰገደች ምስር እየለቀመች ነበር። ከወሎ በመምህር ባሏ ምክንያት መጥታ መቐለ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ባሏ ካረፈ በኋላም አገሬ እዚህ ነው ብላ ቀርታለች። ቀና አለች።

«ምኗን?»

«ወረቀቷን። አምስት መቶ ብር የሚሰጥ ሰው አለ።»

«አምስት መቶ?» ምስሩን ከጭኗ ላይ አወረደች። «ማነው እሱ? በአምስት መቶ ብር ወረፋ የሚገዛ ሰው ውሃውን ሊጠጣው ነው ሊሸጠው?»

«ሊሰቅለው ነው። ግድግዳ ላይ።»

«ኧረ ተወኝ እቴ! የውሃ ወረቀት ግድግዳ ላይ?»

«ሺህ ቢሆንስ?»

ተነሥታ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ከሳጥኗ አወጣች፤ መኖሩን አየች፤ መልሳ ከደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

«ሔሩዬ፣ ሌባ ይዞሃል» አለች። «አንተ የዋህ ነህ፤ አታውቃቸውም። ዛሬውኑ ለኣቦይ ረዳኢ እነግራለሁ።»

ነገረችም። በማግሥቱ ሔሩይ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችን ጠይቆ ሁለቱም በር ዘጉበት። አንዷማ ሊገዛ የመጣው ቢሮው ነው ወይስ ሌባው ነው ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ሁለቱም አይደሉም ሲላት «እንግዲያ ሦስተኛ ማን አለ?» አለችው። ሔሩይ ይህንንም ሲያስብ አመሸ። የሚሸጥለት ሥዕል የራሱ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ ከገዛ እናቱ ነው፤ የሚሰቀለው አዲስ አበባ ነው፤ የሚያጠጣው መቐለ ነው። ዋጋው የትኛው ላይ ነው የተቀመጠው? አርብ ማታ አራተኛውን ወረቀት አወጣና «ይህ ሥዕል» ብሎ ጽፎ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦኖው ሊከፈት ሲል፣ ትህትና ቦታውን በዓይኔ ካላየሁ አለች። ሁለቱን ፊልሞች፣ ስፖንጁን፣ የቀለም ጠርሙሶቹንና መቀሱን በቦርሳ ይዞ፣ ያልተጻፈውን ግማሽ ገጽ ኪሱ ውስጥ ከቶ ይዟት ሄደ። በመንገድ ላይ እውነቱን ነገራት፤ ሠላሳዎቹ ለምን እንዳልተሰበሰቡ። ትቆጣለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ቦኖው ጋ ደርሳ፣ ሰው ሁሉ የእሱን ጀሪካን በእጁ ይዞ በሰልፍ ቆሞ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሔሩይ! ይኸን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«እብድ ነህ። እነዚህ ስምንት ሺህ ናቸው። እያንዳንዳቸው!»

«እንዴ፣ እነዚህኮ ቆሽሸዋል።» እውነት ነበር። ወረቀቶቹ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጥጋቸው ተበልቶ፣ ውሃ ነክቷቸው፣ የሽሮ ጣት አርፎባቸው ነበር። የአንዷ ወረቀት ተቀድዶ በመርፌ ተሰፍቷል።

«የተሰፋችው አሥር ሺህ» አለች ትህትና በሹክሹክታ።

ሔሩይ ወረቀቷን አየ፤ ትህትናን አየ። አንድ ነገር ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምረው ለምን እንደሆነ ሊጠይቃት ሲል፣ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ሰልፉ ይኸን ሲያይ በቅጽበት ተስተካከለ። ወንዶች ኮታቸውን ቆለፉ። ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ስልክ ይዛ ወረቀት የምትመረምር ሴት ከቢሮ ካልሆነ ከየት ትመጣለች? ኣቦይ ረዳኢ መነጽራቸውን ወልውለው ቀረቡ።

«እንኳን ደህና መጡ። ሥርዓቱ ሳይጓደል ይዘነዋል። ሰሞኑን ግን ወረቀት በገንዘብ የሚገዛ ሌባ ገብቷል፤ ይመዝገብልን።»

ሔሩይ ጫማውን አየ።

በዚህ መሃል ከሰልፉ ውጭ ባዶ ጀሪካን ይዛ የቆመች ወጣት ወደ ትህትና መጣች። ለተመድህን ትባላለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ እነ ሔሩይ ግቢ ጀርባ ካለው ቤት ክፍል ከተከራየች ገና አንድ ወሯ ነው። ወረቀቱ ሲታደል ስላልነበረች ተራ የላትም።

«እህቴ፣ እርስዎ ከቢሮ ከሆኑ ለእኔም ይስጡኝ» አለች። «ሠላሳው ሰው ቀድቶ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። እኔ ስምንት ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ሰፈሩ ከገባሁ ጀምሮ ውሃ ከሱቅ ነው የምገዛው። አንድ ወረቀት ብቻ!»

«እኔ ከቢሮ አይደለሁም፣ የኔ እመቤት» አለች ትህትና እየሳቀች። ከዚያ፣ ምናልባት ክብሩን ልትሰጠው ብላ፣ የሔሩይን ትከሻ ያዘች። «ወረቀቱን የሠራው እሱ ነው። ሠዓሊው እሱ ነው።»

ከሰልፉ ራስ እስከ ጅራት ሳቅ ተነሣ። ሔሩይ ከስድስት ሳምንት በፊት ሊሰማው የፈለገው ያ ሳቅ ነበር፤ ግን በሥዕሉ ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ መጣ።

«የአደይ አሰገደች ልጅ? የቲሸርቱ?»

«እስቲ ለእኔም ጠቅላይ ሚኒስትርነት አትምልኝ!»

ኣቦይ ረዳኢ ብቻ አልሳቁም። «ወደይ፣ ልጄ» አሉት በዝግታ፣ «ማኅተም መሥራት ወንጀል ነው። በሓቅ ነገር አይቀለድም።»

«ኣቦይ ረዳኢ፣ እውነቴን ነው። የቢሮ አይደለም፤ ቀልድ ነበር። ማኅተሙን ያንብቡት እስቲ፤ ይኸው፣ ስም የለበትም። 'ይጠብቁ' ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዞር አድርገው፣ ክቡን እያዞሩ፣ ሦስት ጊዜ አነበቡ።

«ይጠብቁ፣ ይጠብቁ፣ ይጠብቁ» አሉ። «ታዲያ? ቢሮ ሌላ ምን ብሎ ያውቃል?»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አሰገደች ከሰልፉ ወጥታ የልጇን ክንድ ያዘች፤ ፊቷ በኀፍረት ቀልቷል። «በል ና፤ ምን ነካህ? በሰው ፊት» እያለች ስትጎትተው፣ ለተመድህን ግን አልሳቀችም። ቀርባ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ሔሩይ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ከሠራኸው አንድ ሥራልኝ። ካልሠራኸው ተወው።»

ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር። ቀለሙ አለ፣ ስፖንጁ አለ፣ ፊልሞቹ አሉ። ትህትና ወዲያው ገባት።

«ሔሩይ፣ እንዳታደርገው» አለች። «እያየሁህ እንዳታደርገው። ስምህን አስብ።»

አሰበ። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስሙን አየው፤ ግን ከስሙ ሥር የሚለጠፈው ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። እዚህ ደግሞ ሠላሳ ሰው ቆሞ አንተ አልሠራኸውም ይለዋል። ለማን እንደሚያደርገው፣ ለልጅቱ ይሁን ለራሱ፣ ያኔም አላወቀውም፤ በኋላም ቢጠየቅ አይናገረውም። እጁ ግን ኪሱ ገብቶ ያገኘውን ወረቀት አወጣ፤ «ይህ ሥዕል» ተብሎ የተጀመረውን። ገለበጠው፣ የቦኖው ሲሚንቶ ላይ ዘረጋው፣ ፊልሙን ጫነ፣ ቢጫውን በስፖንጅ ነካ ነካ አደረገ። ሁለተኛውን ጫነ። ጥቁር፤ ከዚያ ሐምራዊ። ፊልሙን ሲያነሳው ጀሪካኑ ከረባቱን አስሮ፣ ማኅተሙን ተመትቶ፣ እርጥብ እንደሆነ ሁሉንም ተመለከታቸው። ሔሩይ ከጥጉ ላይ በእርሳስ ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈ።

አሁን የሚስቅ ጠፋ።

አሰገደች ቀለም የተቀባውን ፊልም ከመሬት አነሳች። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው። በጀሪካኑ ቀዳዳ ዙሪያ፣ በጥቁሩ ፊልም ውስጥ፣ ሁለት አጥንት የሚገናኙበት ነጭ ነገር ይታያል።

«ጉልበቴ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ልጅ! ሐኪሙ አምጪው ያለኝ፣ ፍራሽ ሥር አጣሁት ብዬ ከወር በላይ የፈለግሁት! ጉልበቴን ነው የቀደድከው?»

«የማይፈለግ መስሎኝ ነው፣ እማ።»

«የማይፈለግ ጉልበት አለ እንዴ?» አለች፤ ግን ፊልሙን አልጣለችም። በአንድ ዓይኗ በጀሪካኑ ቀዳዳ አሻግራ ልጇን ስታየው ቆየች። ሠላሳዎቹንም እሱ እንደሠራቸው ያመነችው ያኔ ነው።

ትህትና ቦርሳዋን ዘጋች። አልተቆጣችም፤ ይልቁንም የምታዝን ትመስል ነበር። «አሁን ማለቂያ የለውም» አለችው። «ነገ ሠላሳ ሁለተኛ ቢጠየቅ ታትማለህ፤ አውቅሃለሁ። ለገዢ ምን ብዬ ልሸጥ?»

«ሥዕሉ ግን ያው ነው። ቅድም አሥር ሺህ ያልሽው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ምኑ ተለወጠ?»

ትህትና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ስልክህ አለኝ» ብላ ወደ ባጃጅ ሄደች። ሔሩይ እስክትርቅ ድረስ አያት። የጠየቃት ለክርክር አልነበረም፤ በእውነት ምኑ እንደተለወጠ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ለተመድህን አዲሱን ወረቀት በሁለት እጇ ጫፍ ጫፉን ይዛ ለኣቦይ ረዳኢ አቀረበችው። ሽማግሌው እንደ ድሮ ትኬታቸው አዩት፤ ገለበጡት፤ ከጀርባው «ይህ ሥዕል» የሚለውን አነበቡ፤ በጥፍራቸው ጥጉን ፈተሹ።

«ይኼ የውሸት ነው» አሉ።

«አሁን በዓይንዎ ፊት ነው የሠራሁት!» አለ ሔሩይ።

«እሱን ነው የምልህ። የትኛው ቢሮ ነው ቆመህ እያየህ የሚሰጥህ? ወረቀቱ ስስ ነው። ቀለሙ አልደረቀም። እነዚያን እይ፤ ስድስት ሳምንት ሠርተዋል፤ አንድ ቀን አላጣሉንም። ይኼ ምን ሠራ?»

«ያኛውንም እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ኣቦይ!»

«ይሆናል» አሉ ኣቦይ ረዳኢ፤ ሔሩይን ከምንም በላይ ግራ ያጋባው ይህ መልስ ነበር። «ይሆናል፣ ወደይ። የሠራኸው አንተ፣ ያደልኩት እኔ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ብቀበል ነገ አርባ ይመጣል፤ ማክሰኞ ድንጋይ እንወራወራለን። ልጅቱ ከፈለገች መጨረሻ ላይ ትቁም። መጨረሻ ላይ ለመቆም ወረቀት አያስፈልግም።»

ለተመድህን ሰዓቷን አየች። አልተከራከረችም። ወረቀቱን ለሔሩይ ልትመልስ እጇን ዘረጋች።

መሃል ላይ የተቀበለችው አሰገደች ናት። ከደረቷ ላስቲኩን አወጣች፣ ፈታችው፣ የተሸበሸበችውን ሦስት ቁጥር ለልጅቱ ሰጠቻት።

«አደይ አሰገደች፣ የእርስዎን?»

«ሂጂ ቶሎ፣ ሥራሽ አያምልጥሽ። እኔ ሥራ የለኝም።»

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴማ ይኸው እጄ ላይ ነው» አለች ሔሩይን እየገላመጠች። «ጀሪካኔን አንሥተህ ወደ ኋላ ውሰድልኝ፤ አንተ ነህ የምትቆምልኝ። የማክሰኞውን ማክሰኞ እንነጋገራለን።»

ኣቦይ ረዳኢ ሦስት ቁጥሩን ከለተመድህን ተቀበሉ፤ ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፤ «ሦስት! እለፊ፣ ጓለይ» አሉ።

ሔሩይ የእናቱን ጀሪካን ይዞ ከሠላሳው ሰው ኋላ ቆመ። አሰገደች ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እርጥቡን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ እፍ እፍ ትልበት ጀመር። ሲደርቅላት ራቅ አድርጋ አየችው፤ ቀረብ አድርጋ አየችው። ሦስት ቁጥሩን ስድስት ሳምንት ስትይዘው እንዲህ አይታው አታውቅም።

«ቤት ልሰቅለው ነው» አለች። «ከአባትህ ፎቶ ጎን።»

«የውሃ ወረቀት ግድግዳ ላይ?»

«ይኼማ የውሃ አይደለም፤ አላስቀዳም አሉት እኮ።» ትንሽ ቆየች። «ሔሩዬ፣ ግን እውነት ምን ማለት ነው?»

ሔሩይ ሰልፉን አየ። ሠላሳ ሰው፣ ሠላሳ ወረቀት፣ አርባ የሚሆን ጀሪካን። ባለሥልጣኑ ነው ሊላት አሰበ፤ አንቺ ነሽ ሊላትም አሰበ። ከፊቱ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ሲራመድ ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አደረገ።

«አላውቅም፣ እማ። ድሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።»

«እና ስምህ የት አለ?»

«የቱ?»

«እዚህ ላይ። የሠራ ሰው ስሙን አይጽፍም እንዴ? ሰው እቤት መጥቶ የማነው ቢለኝ ምን ልል ነው?»

እርሳሱ ሲሚንቶው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ኣቦይ ረዳኢ አንሥተው ጆሯቸው ላይ ሰክተውታል። ሔሩይ ሄዶ ለመናቸው። ሽማግሌው ሰጡት፤ ከዚያ ሥራቸውን ትተው ተከተሉት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የት ጋ እንደሚጽፍ ሲያመነታ፣ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ዘረጉ።

«ከማኅተሙ ላይ እንዳትጽፍ፣ ወደይ» አሉት። «ይበላሻል።»